የካሩራ ጥላና የአያት መልክ

ዋንጋሪ ማታይ በ1999 (እ.ኤ.አ.) በግንባታ እንዳይወረር በተሟገቱለት በናይሮቢው ካሩራ ደን የተነሣ የአንድ ቤተሰብ ፎቶግራፍ፣ ከፎቶሾፕ እርማቱ በፊትና በኋላ ጎን ለጎን ተመለከትሁ። በቅጠል መካከል ተጣርቶ የሚወርድ ብርሃን አረንጓዴነት አለው፤ ጠይም ፊትን የታመመ ያስመስላል። አራሚው ቀለሙን ጥቂት ወደ ቀይ ሐምራዊ በመግፋቱ ፊቶቹ ደም ተመለሰላቸው፤ ይህ ሙያ ነው። ምነው በዚህ ባበቃ! ጥላውን አቀልላለሁ ሲል ቆዳውን አነጣው፤ ጠቆር ያሉት አያት የልጅ ልጃቸውን መልክ ያዙ። በግራ በኩል ዓይን የሚሰርቀውን የሰማይ ብልጭታ ማደብዘዝ ይበቃ ነበር። እርሱ ግን ዳሩን ሲቆርጥ ከሥሩ የቆመውን ወጣት አብሮ ቆረጠው፤ በአያቱ ትከሻ ላይ ያረፈ እጁ ብቻ ቀርቷል።