እንቅልፍ የሚነሳው ያልተወሰነው ነው

የንግድ ጉባኤ ሲቃረብ እንቅልፍ የሚነሳኝ ማን እንደሚወስነው ያልታወቀ ነገር ነው። ሥራማ ምንም ቢበዛ ተሠርቶ ያልቃል።

የክብር እንግዳውን ጉዳይ ልውሰድ። አዳራሹ ሞልቷል፣ ካሜራው ተተክሏል፣ ማታ በረራ ያለባቸው ባለሀብቶች ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ከክቡርነታቸው ቢሮ የሚመጣው መልስ ግን «መንገድ ላይ ናቸው» ነው። በዚያች ደቂቃ «እንጀምር» የሚል ሰው አስቀድሞ ካልተሰየመ፣ አዘጋጁ በጋባዡ፣ በፕሮቶኮሉና በመድረክ መሪው መካከል ቆሞ ይርዳል። ስለዚህ ሳምንት ሲቀረው ከጋባዡ ድርጅት ኃላፊ ጋር እቀመጣለሁ። ስንት ደቂቃ እንጠብቃለን? የማን ንግግር ወደ ፊት ይመጣል? እንግዳው መሐል ላይ ቢደርሱ በየትኛው በር ይገባሉ? ተናጋሪው ያቋርጣል ወይስ ይጨርሳል? ለፕሮቶኮሉ ደውሎ የሚነግረው ማን ነው? ኃላፊዎች ይህን ውይይት አይወዱትም፤ «ኧረ እሳቸው አይዘገዩም» ይሉኛል። እኔ ግን ከወንበሬ አልነሳም። መልሱ በግማሽ ገጽ ተጽፎ የመድረክ መሪው ኪስ እስኪገባ ድረስ እጨቀጭቃለሁ። ዕለቱ ደርሶ እንግዳው ሲዘገዩ ልቤ መምታቱን አይተውም፤ የማደርገውን ግን አውቃለሁ።

ድፍን ስጋትም መፍትሔው ከዚህ አይርቅም። «ነገ ምን ይመጣ ይሆን» እያሉ ማደር ለማንም አይጠቅምም። «መብራት ቢሄድ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሚክሰሩና የአስተርጓሚዎቹ መሣሪያ ይጠፋሉ ወይ?» ብዬ ስጠይቅ ግን ስጋቱ ኤሌክትሪሻኑ የሚመልሰው ጥያቄ ይሆናል። በዋዜማው ማታ ብሬከሩን እፊቴ እንዲያወርደው እለምነዋለሁ። ዩፒኤሱ ከያዘ ያዘ፤ ካልያዘ ሌላ ለማምጣት ሌሊቱ አለልን።

አዲስ አበባ ደግሞ የራሷ ጠባይ አላት። ጠዋት 3 ሰዓት ብለን የጻፍነው ቁጥር ሳይለወጥ ወደ እንግሊዝኛው ጥሪ ከተሻገረ፣ የውጭው እንግዳ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይመጣል። ስለዚህ ሰዓቱን የሚለውጠውንና የሚያመሳክረውን ሰው ለየብቻ አደርጋለሁ። በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ሲሰበሰቡ ሆቴል ይጠባል፣ ለአጀብ መንገድ ይዘጋል፤ ደንበኛ ቢቆጣም በዚያ ሳምንት ጉባኤ አልይዝም። ምግቡም አስቀድሞ ማሰብ ይፈልጋል። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ገቡ። እንዲህ ባለ ወቅት የተለመደውን የምሳ ግብዣ የሚደግስ አዘጋጅ ብዙ እንግዳ ባዶ ሳህን ፊት ያስቀምጣል። እኔ ግብዣውን ወደ ኢፍጣር ሰዓት አዙሬ፣ የጾሙን ምግብ ጥግ ላይ ከመወርወር ዋናው ማዕድ አድርጌ ማቅረብን እመርጣለሁ። እንግዳ «ለእኔም ታስቦልኛል» ብሎ ሲቀመጥ ቀሪው ውይይት ይቀላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የሚቀር ፍርሃት አለ። እሱን ለባልደረቦቼ አላካፍልም፤ ምዝገባ ላይ የቆሙት ልጆች የሚያነቡት ፊቴን ነው። ቁርስ በልቼ እገባለሁ፣ ቀስ ብዬ እናገራለሁ፣ እንግዳ መግባት ከጀመረ በኋላ የተጣመመ ባነር አላስነሳም።

ከራሴ በላይ የሚያሳስበኝ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ የሚወጣው ነጋዴ ነው። ዕድሜውን ቡና ወይም ቆዳ ሲልክ የኖረ፣ ድርድር የማይፈራ ሰው፣ ማይክ ሲይዝ ድምፁ ይሰበራል። ብዙ አዘጋጆች ይህን የተናጋሪው የግል ጣጣ አድርገው ያዩታል፤ እኔ ግን የሥራችን አንድ አካል ነው ብዬ አምናለሁ። በዋዜማው ባዶ አዳራሽ አስገብቼ ማይኩን አስይዘዋለሁ፤ የገዛ ድምፁን ከስፒከር መጀመሪያ ሲሰማው ሰው አይኑርበት። የመክፈቻውን ዓረፍተ ነገር በቃሉ እንዲይዝ እጠይቀዋለሁ፤ የቀረውን ከወረቀት ቢያነብ ግድ የለኝም። ከፊት ረድፍ ላይ የሚያውቀውን አንድ ሰው አስቀምጥለታለሁ፤ ለዚያች ወንበር ስል ከማንም ባለሥልጣን ፕሮቶኮል ጋር እከራከራለሁ።