ገረፍ ገረፍ ያደረግሁት መጽሐፍ

ሂስ እጽፋለሁ የሚል ሰው የሚፈራው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ለመሆኑ መጽሐፉን አንብበኸዋል?» የሚለው ነው። በእኛ ከተማ ያነበበውም፣ ገረፍ ገረፍ ያደረገውም፣ ጓደኛው ሲያወራ የሰማውም፣ የጀርባ ሽፋኑን አይቶ የመለሰውም በአንድ ድምፅ «አዎን» ይላል። እኔም በ1985 ዓ.ም. ስለ ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በአንድ መጽሔት ላይ ሁለት ገጽ ሙሉ ስጽፍ፣ ጠያቂ ቢመጣብኝ ሳላመነታ «አዎን» እል ነበር። (የመጽሔቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእርሱ አይደለም።)

እውነቱን ለመናገር መጽሐፉን የያዝሁት ከእሑድ ከሰዓት በኋላ እስከ ሰኞ ማለዳ ነው። የውሰት ነበርና ባለቤቱ ሰኞ ይፈልገው ነበር። መግቢያው ላይ ያለውን የአገር ገጽታ ዘለልሁት። ምልልሱን ደግሞ ከላይ ወደ ታች እያየሁ፣ «ነገሩ የት ደረሰ?» እያልሁ ተንደረደርሁበት። ከዚያም ብዕሬን አነሣሁና ሦስት ፍርድ ሰጠሁ። አንደኛ ታሪክ የለውም፤ ሁለተኛ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ በአንድ አፍ ይናገራሉ፤ ሦስተኛ አደፍርስ ማለት ደራሲው ራሱ ነው። ሦስቱንም በሙሉ ልብ ነው የጻፍኋቸው። ለምን ቢሉ ከእኔ በፊት ሌሎች ሲሏቸው ሰምቻለሁና፤ ሰው የሰማውን ሲደግም ልቡ ሙሉ ነው።

«አደፍርስ» የታተመው በ1962 ዓ.ም. ነው። አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1958 ዓ.ም.፣ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጥቶ አንባቢውን በረጅምና በጣፋጭ ትረካ አልምዶት ነበር። እዚያ ተራኪው እጅህን ይዞ ይወስድሃል፤ ማን ማን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣ፣ ምን እንዳሰበ ይነግርሃል። ዳኛቸው ግን በብዙ ቦታ እጅህን ይለቃል። ሰዎቹ ይከራከራሉ፤ ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ ግን ራስህ ድረስበት ይልሃል። ስለዚህ «ከባድ ነው» የሚል ስም ወጣለት፤ ስሙም እንደ አሮጌ ዕዳ እስከ ዛሬ ይከተለዋል። ደራሲው ደግሞ ነገሩን ባለማወቅ ያበላሸ ሰው አልነበረም። ስለ ጽሑፍ ጥበብ የማስተማሪያ መጽሐፍ ያዘጋጀ፣ በእንግሊዝኛም ልቦለድ ጽፎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 በውጭ አገር ያሳተመ ሰው ነው። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው በአንድ ሌሊት የፈረድሁበት።

ጽሑፌ ከወጣ ከወር በኋላ ከሰበታ መልእክት ደረሰኝ። ላኪው በሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ኋላም ዕድሜያቸውን በማስተማር ያሳለፉ ዐይነ ስውር መምህር ነበሩ። ጽሑፌን ሰው አንብቦላቸው ኖሯል። «ያን መጽሐፍ በብሬል አላገኘሁትም፤ አንተ ካነበብኸው ለእኔም አንብብልኝ» ብለው ላኩብኝ። «ካነበብኸው» በምትለው ቃል ውስጥ ነገር እንዳለባት የገባኝ በኋላ ነው። ያን ጊዜማ እንደ ክብር ቆጥሬው፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ በሚኒባስ ዓለም ገናን አልፌ ሰበታ ወረድሁ።

ሰበታ ዛሬ በሸገር ከተማ ውስጥ ገብታለች። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድም የሚነሣው ከእርሷ ነው። ያኔ ግን ከአዲስ አበባ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በወጨጫ ተራራ ሥር፣ በጅማ መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋች፣ የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካና የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የሚጠሩላት ትንሽ ከተማ ነበረች። የመምህሩ ቤት አንድ ግድግዳው በሙሉ በብሬል ጥራዞች ተሞልቷል። በእጅ የሚያዝ አንድ መጽሐፍ በብሬል ሲጻፍ ብዙ ትልልቅ ጥራዝ ይወጣዋል፤ ሸክም ነው።

ቡና ተፈላ፤ ማንበብ ጀመርሁ። የአገሩን ገጽታ ልዘልለው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ጆሯቸውን ወደ እኔ ቀና አድርገው የተቀመጡ ሽማግሌ ፊት ገጽ መዝለል ስርቆት መሰለኝና ተውሁት። አነበብሁ። ምልልሱ ላይ ስደርስ አራት መስመር ያህል ሄጄ ነበር፤ እጃቸውን አነሡ።

«አሁን የተናገረው ማን ነው?»

«አደፍርስ ይመስለኛል፣ ጋሼ።»

«ይመስለኛል? ጽፈህበት የለም እንዴ?»

ወደ ኋላ ተመልሼ መስመሮቹን ቆጠርሁ። አደፍርስ አልነበረም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሆነውን ነገር በሌላ መንገድ ማስረዳት አልችልም፤ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው መወሰን አለበት። ዐይን ሳይወስን ማለፍ ይችላል፤ ድምፅ ግን አይችልም። «አለ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ጽሕፈታችን ጥብቀትና ላልቶ መነበብን በምልክት አይለይም። «ለ»ን ብናላላው ተናገረ ማለት ነው፤ ብናጠብቀው ይኖራል ማለት ነው። «ይመታል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ መችው ማን፣ ተመችው ማን እንደ ሆነ የሚታወቀው በአፍ ሲባል ነው። በዐይኑ የሚያነብ ሰው ሁለቱንም ትርጉም ይዞ፣ ወይም ሁለቱንም ጥሎ፣ ወደሚቀጥለው መስመር መንሸራተት ይችላል። ድምፁን ያሰማ ግን አንዱን መርጦ ለምርጫው ኃላፊ ይሆናል። እኔ «አደፍርስ»ን በአንድ ሌሊት ስጨርስ ስንቱን «አለ» ሳልወስን እንዳለፍሁት እግዚአብሔር ይወቀው።

የቤተ ክህነት ትምህርት ይህን ጥንት ያውቀዋል። ልጁ ፊደል ከቆጠረ በኋላ ወዲያው አንብብ አይባልም፤ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ ያልፋል። የትኛው ቃል ተነሽ፣ የትኛው ወዳቂ፣ የትኛው ተጣይ፣ የትኛው ሰያፍ እንደ ሆነ መምህሩ ፊት እየወደቀ ይማራል። ትርጓሜ ቤት የገባ ደግሞ አንዱን ቃል ተርጉሞ ሲያበቃ «አንድም» ይልና እንደ ገና ይጀምራል። እኛ የዘመናዊ ትምህርት ልጆች ይህን ሁሉ «ሽምደዳ» ብለን ጣልነው። ሽምደዳ የሆነበት ጊዜ አለ፣ አልክድም። ነገር ግን ከጣልነው ጋር «አንድም» የምትለውን ቃልም አብረን ጣልናት፤ ሂሳችን አንድ ትርጉም ይዞ የሚሮጥ የሆነውም ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል።

መምህሩን አንድ ቀን ስለ ብሬል ጠየቅኋቸው። በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻቸው ስለሚጻፉ፣ ዐይን በአንዴ የሚለቅመውን ፊደል ጣት ብዙውን ጊዜ ሁለት ጊዜ መዳሰስ አለበት። «እንግዲያውስ እናንተ ገረፍ ማድረግ አትችሉም» አልሁ፤ ነገሩን አሳምሬ ለመጻፍ ቸኩዬ ነበር። ሳቁብኝ። «ኧረ እንችላለን! ደብተር ሳርም ስንቱን ዘልዬአለሁ። ዐይነ ስውር ሁሉ ጻድቅ መሰለህ?» አሉኝ። ያሳመርሁትን ሐሳብ ተውሁት።

ወደ ፍርዶቼ ልመለስ። መጀመሪያ የፈረሰው «በአንድ አፍ ይናገራሉ» ያልሁት ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቅዳሜ መምህሩ ማን ነው ብለው መጠየቅ ተዉ፤ እኔ መስመሩን ሳልጨርስ ስሙን ይጠሩ ጀመር። ወይዘሮ አሰጋሽ ስትናገር በጥቂት ቃል ያውቋታል። ንግግሯ ትእዛዝ የለመደ ሰው ንግግር ነው፤ ስትለማመጥ እንኳ ከኋላው ርስት አለ። አደፍርስ ደግሞ አዲስ ቃል እንዳገኘ ሰው ነው፤ ቃሉን ሳይጠቀምበት ማለፍ አይሆንለትም። ሁለቱ አፎች ማዶ ለማዶ ናቸው። የማይለዩ የመሰለኝ እኔ የማንንም ድምፅ ስላልሰማሁ ነበር።

«አደፍርስ ደራሲው ነው» ያልሁት የፈረሰው ግን በሳቅ ነው። ተማሪው አደፍርስ ከያዘው ክርክር አንዱን ረዘም አድርጌ ሳነብ መምህሩ ከት ብለው ሳቁ። አስቂኝ ነገር እንዳለበት አልታየኝም ነበርና ቆምሁ። «ልጁ ሰው አይሰማም እኮ! ሲመልሱለት አላዳመጠም፤ የራሱን ነው የቀጠለው» አሉ። ተመልሼ አየሁት። እውነት ነው፤ የተመለሰለት ሌላ፣ እርሱ የያዘው ሌላ። ደራሲው አፈ ጉባኤው አድርጎት ቢሆን ኖሮ ያሸንፍለት ነበር፤ ዳኛቸው ግን ተቃዋሚዎቹን ጥሩ ጥሩ መልስ አስታጥቆ ልጁን መሐላቸው ትቶታል። በእኔ ግምት አደፍርስ ያነበበውን መጽሐፍ ይዞ መጥቶ የአገሩን ሰው ገረፍ ገረፍ አድርጎ የሚያይ ወጣት ነው። ሰዎቹን እያየ የሚያየው ያጠናውን ነው። ስሙ አደፍርስ መሆኑንም አስቡ። «ሳይደፈርስ አይጠራም» እንላለን፤ የሚያደፈርሰው ሰው ሲጠራ ለማየት የሚቆይ መሆኑን ግን ተረቱ አይነግረንም። ይህን ሳስተውል ጆሮዬ ጋለ፤ እኔ መጽሐፉን ያደረግሁት እርሱ አገሩን ያደረገውን ነበር።

«ታሪክ የለውም» ያልሁት በከፊል ቆሟል። አንዳንዱ ክርክር ዛሬም ይረዝምብኛል። አንድ ቅዳሜ መምህሩ ራሳቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ እኔም አልቀሰቀስኋቸውም። በጥሞና መነበብ መጽሐፍን ሁሉ ያድናል ብሎ የሚሰብክ ሰው ብዙ መጽሐፍ በጥሞና አላነበበም። አሁን ግን የትኛው ገጽ እንደሚረዝምና ለምን እንደሚረዝም መናገር እችላለሁ፤ በ1985 ይህን አልችልም ነበር።

መሮጥ ሁሉ ኃጢአት ነው ማለቴ አይደለም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ሲሰበሰብ፣ አንዷ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረች በየቤቱ በአንድ ሌሊት ትነበብ ነበር። የሚቀጥለው ሰው ደጅ ቆሞ እየጠበቀ ማን ቃል በቃል ያብላላል? መጽሐፍ በአዳር ኪራይ የሚያነብ ተማሪም የሚሮጠው ሳንቲሙን ቆጥሮ ነው። በእኔ ላይ ግን ደጅ የቆመ አልነበረም፤ ቀኑን አራዝምልኝ ብል ባለቤቱ አይከለክለኝም ነበር።

ደግሞ ሌላ ነገር ልብ ብያለሁ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ በሬዲዮ የተከታተሉ ሰዎች ጉዱ ካሣን አይረሱትም። በዐይናቸው ያነበቡ ስንት ወዳጆቼ ግን በዛብህና ሰብለ ወንጌል ምን ሆኑ ለማለት ቸኩለው የጉዱ ካሣን ረጃጅም ንግግሮች ዘለዋቸዋል። ሬዲዮ ወደፊት አይገለጥም፤ ወጋየሁ የፈለገውን ያህል ሲቆይ አብረኸው ትቆያለህ። ዛሬ መጽሐፉ በስልክ ውስጥ ነው፤ ትረካውም በስልክ አለ። አንድ የእኅቴ ልጅ ትረካውን አፍጥኖ ሲያዳምጥ አገኘሁትና አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«አደፍርስ»ን ለመጨረስ አምስት ወር ፈጀብን። የመጀመሪያው ጽሑፌ ሲወጣ ደራሲው በሕይወት ነበር፤ አይቶት ይሁን ሳያየው ይቅር ማንንም አልጠየቅሁም፤ ለመጠየቅም አፈርሁ። የማስተካከያዬን ጽሑፍ እያመነታሁ፣ ዛሬ ነገ እያልሁ ቆይቼ ስጽፈው እርሱ ዐርፏል። መምህሩ እንዳነብላቸው ጠየቁኝና አነበብሁላቸው። ከአንድ ቦታ በቀር ተቀበሉት። አንድ ምልልስ ላይ ተናጋሪው አደፍርስ ነው እላለሁ፤ እርሳቸው አይደለም ይላሉ። መጽሐፉን አስወጥተው ያንን ገጽ ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ፤ አንዴ በእኔ ፈቃድ፣ አንዴ በእርሳቸው ፈቃድ፣ ሦስተኛውን ግን በየትኛው ድምፅ ላንብበው ጨነቀኝ። ኋላ የራሴን ቅጂ ስገዛ በዚያ መስመር ኅዳግ ላይ በእርሳስ ሁለት ስም ጽፌ በመካከላቸው «አንድም» አልሁበት። እስከ ዛሬ አላጠፋሁትም።