አዲሱ የትምህርት ሹም ወንበሩን ሲለምድ

ጅቡቲ ወደብ ዳር የቆመ ሰው ደጋግሞ የሚያየው አንድ ነገር አለ። ከሩቅ ባሕር የመጣ ግዙፍ መርከብ ወደቡ አጠገብ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀንሶ ይጠብቃል። ከወደቡም አንዲት ትንሽ ጀልባ ወጥታ ወደ ጎኑ ትጠጋለች፤ ከጀልባዋ ውስጥ አንድ ሰው በገመድ መሰላል ተንጠላጥሎ ወደ መርከቡ ይወጣል። ይህ ሰው ፓይለት የሚባለው የወደብ መሪ ነው። የመርከቡ ካፒቴን ሠላሳ ዓመት በውቅያኖስ ላይ የኖረ ሊሆን ይችላል፤ የዚህን ወደብ ጥልቀት፣ የአሸዋውንና የኮራል ድንጋዩን ቦታ ለይቶ የሚያውቀው ግን በጀልባ የመጣው ሰው ነው። ስለዚህ ካፒቴኑ ማዕረጉ ሳይነካ፣ የመርከቡም ኀላፊነት ከጫንቃው ሳይወርድ፣ መንገዱን ከሚያውቀው ሰው ጠይቆ ይገባል።

መጽሔታችን የመምህራን እንጂ የመርከበኞች አለመሆኑን አልዘነጋንም። ነገር ግን ከሀገር ቤት ወጥተን በዚህች ከተማ የምንኖር ጥቂት መምህራን፣ ማታ ሙቀቱ ጋብ ሲል፣ ዛሬ በጅቡቲ የነጻነት ቀን በሰኔ 20 ስም በሚጠራው፣ ቀድሞ ምኒልክ አደባባይ ይባል በነበረው ሥፍራ አካባቢ ሻይ ይዘን ስንጫወት፣ ወሬያችን ዞሮ ዞሮ ትተነው ወደ መጣነው ትምህርት ቤት ይመለሳል። ባለፈው ሰሞንም ከአንድ የቀድሞ ባልደረባችን መልእክት ደረሰን። «ወረዳችን ዘንድሮም አዲስ የትምህርት ጽ/ቤት ኀላፊ ተሾመለት፤ ምን ይዘን እንቀበለው?» ይላል። ጥያቄው ቀልድ ይመስላል፤ ለእኛ ግን ቀልድ አልሆነልንም።

እንደሚታወቀው፣ በሀገራችን ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ፣ በመጀመሪያ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው የደቡብ ክልል፣ በጀትና ውሳኔ ወደ ወረዳ ወርዷል። ሐሳቡ መልካም ነበር። ጣሪያው የሚያፈስ ትምህርት ቤት ከክልል ከተማ መልስ እስኪመጣ ክረምቱ እንዳያልፍበት፣ ለጉዳዩ የቀረበ ሰው ይወስን ማለት ነው። በዚህም ምክንያት የወረዳ ትምህርት ጽ/ቤት ኀላፊ በመምህሩ ምደባና ዝውውር፣ በዲሬክተሩ ሹመትና ሽረት፣ በመጽሐፉም ሥርጭት እጁ የሚገባ ሰው ሆነ። ኀላፊው ግን የወረዳው ካቢኔ አባል ነው። ወደ ወንበሩ የሚመጣው በካቢኔው አሠራር ነው፤ ካቢኔው ሲበወዝም እሱ ይነሣል። ትናንት የሌላ ጽ/ቤት ኀላፊ የነበረ ሰው ዛሬ በትምህርት ላይ ሲሾም፣ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላም ወደ ሌላ ሲዛወር ያላየ መምህር ጥቂት ነው።

ሂሳችን ይበልጥ የሚያርፈው ከሹመቱ በኋላ በሚመጣው መላመድ ላይ ነው። ሰው አዲስ ሥራ ሲይዝ መላመዱ አይቀርም፤ ጥያቄው ከማን ጋር ይላመዳል ነው። አዲሱ ኀላፊ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያገኘው ማንን ነው? የሾሙትን፣ ሪፖርት የሚጠብቁበትን፣ ስብሰባ የሚጠሩትን። በሁለተኛው ሳምንት የቀድሞው ኀላፊ ዕቅድ ይቀርብለትና ቀኑና ፊርማው ተለውጦ ይጸድቃል። የዞኑን የሪፖርት ቅጽ፣ የካቢኔውን አነጋገር፣ በየትኛው ስብሰባ ዝም ማለት እንደሚበጅ ሳይቀር ቶሎ ያውቃል። በዚህ በኩል ሰነፍ ነው ብለን አንከሰውም። ከወረዳው ከተማ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬደውን ትምህርት ቤት ግን ምናልባት እንግዳ አጅቦ ካልሆነ አያየውም። አባቶች «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። በእኛ ዘመን ነገሩ ተገልብጦ፣ ደጃዝማችነቱ ከተገኘ በኋላ መጠየቅ የሚቀር ሆኗል።

በራሳችን የደረሰውን እንናገር። በአንድ ወረዳ ስናስተምር (የወረዳው ስም ለነገሩ አይጠቅምም) በኅዳር ወር አዲስ ኀላፊ መጣ። ሰውየው ትሑት ነበር፤ የቢሮው በርም ክፍት ነበር። በተሾመ በሦስተኛው ሳምንት የመምህራንን ዝርዝር በጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «ትርፍ» እና «እጥረት» እያለ አመሳከረ። በእኛ ትምህርት ቤት ሁለት የፊዚክስ መምህራን ተመዝግበው ስላገኘ አንዱን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት አዛወረ። በወረቀት ላይ ልክ ነበር። ከሁለቱ አንደኛው ግን በሕመም ምክንያት ማስተማር ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎት በቤተ መጻሕፍት ይሠራ ነበር። የተዛወረው የሚያስተምረው ሰው ነው። ይህን ሁሉ በመዝገብ ቤት ሃያ ዓመት ያገለገሉት እትዬ አሳምረው ያውቁ ነበር፤ ክፍላቸውን ከኀላፊው ክፍል የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ማንም አልጠየቃቸውም። እሳቸውም ሳይጠየቁ መናገር ድፍረት መስሏቸው ዝም አሉ። እኛስ? «አዲስ ነው፤ ገና ሳይለምድ ቅሬታ ይዘን አንሂድበት» ተባብለን ዝም አልን። የአሥረኛ ክፍል ልጆች እስከ ሚያዝያ ያለ ፊዚክስ መምህር ቆዩ። አንዲት ተማሪ በሰኔ ከፈተና ስትወጣ «ይህን ተምረነዋል እንዴ?» ብላ ጠየቀችን። ለእሷ የሚሆን መልስ እስከ ዛሬ አላገኘንም።

ይህች ልጅ ብቻዋን አልነበረችም። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ሆኑ። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲሰማ ባየናቸው ወረዳዎች የሚደረገው ይመሳሰላል፤ ዲሬክተር ይለወጣል፣ የማካካሻ ትምህርት ይታወጃል፣ «ለምን?» የሚል ስብሰባ ይጠራል። ነገር ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የወደቀው ልጅ አንደኛ ክፍል የገባው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነው። በእነዚያ ዓመታት ወረዳው ስንት የትምህርት ኀላፊ ለዋወጠ? ልጁ ማንበብ ሳይችል ሦስተኛ ክፍልን ባለፈበት ዓመት በወንበሩ ላይ የነበረው ሰው ዛሬ ምናልባት በሌላ ጽ/ቤት ሌላ ሪፖርት ይፈርማል። የዛሬው ኀላፊ የሚሠራው መልካም ሥራም ፍሬው የሚታየው እሱ ከተነሣ በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ለሚቀመጥ ሰው አጥር ማጠርና በር መቀባት የሚቀለው ለዚህ ይመስለናል።

ለአዲስ ሹም የጊዜ ማጠር የትናንት ችግር አይደለም። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ፣ ለትምህርት ሥራ የሚመጣ የውጭ ሰው ዋነኛ መግቢያ ይኸው የጅቡቲ ወደብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ኧርነስት ወርክ የመንግሥት የትምህርት አማካሪ ሆነው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። የሚመሰገኑበት ነገር አለ፤ የሀገራቸውን ሥርዓት እንዳለ ገልብጠው እንትከል አላሉም። ትምህርት ቤቶቻችን በውጭ ቋንቋና በውጭ መጽሐፍ መያዛቸውን አይተው፣ ለኢትዮጵያ የሚስማማ፣ መጽሐፉም በአማርኛ የተዘጋጀ ትምህርት ይኑር የሚል ዕቅድ አወጡ። ቆይታቸው ግን አጭር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1934 ዕቅዱ በአሜሪካ መጽሔት ላይ ታትሞ ሲወጣ እሳቸው ከቦታው ርቀው ነበር።

ከሳቸው ቀደም ብለው የነበሩትን ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ግን በሌላ ዓይን እናያቸዋለን። በ1860 ዓ.ም. ገና ሕፃን ሳሉ ከመቅደላ በእንግሊዞች ተወስደው፣ በሕንድ አድገው፣ ሐኪም ሆነው የተመለሱ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1925 የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት እንዲመሩ ሲደረግ ሙያቸው ሕክምና ነበር። አማርኛንም እንደገና የተማሩት ጎልማሳ ሆነው ነው። የሚመሯቸውን ልጆች ቋንቋ ራሳቸው ተማሪ ሆነው የያዙ ኀላፊ ነበሩ ማለት ነው፤ የጂኦግራፊ መጽሐፍም በአማርኛ አዘጋጅተዋል። በሁሉ ተሳካላቸው አንልም። ነገር ግን ከትምህርት ዓለም ውጭ የመጣ ሹም ሁሉ ወረት ነው ለሚሉን ጓደኞቻችን የምንጠቅሰው እሳቸውን ነው።

የምንኖርባት ሀገርስ? ጅቡቲ በ1969 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ የፈረንሳይን የትምህርት አሠራር ወረሰች፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ማለቂያ ስለ ትምህርቷ ሀገር አቀፍ ጉባኤ አድርጋ በማግሥቱ ዓመት አዲስ ሕግ አወጣች። በፈረንሳይ ልማድ ኢንስፔክተር የሚሆነው ክፍል ውስጥ ያስተማረ፣ ከዚያም ተወዳድሮ የሠለጠነ ሰው ነው። ሲመጣም ከክፍሉ ኋላ ተቀምጦ ትምህርቱን ያዳምጣል። ይህን እናደንቃለን፤ እንደ ሙሉ መድኃኒት ግን አናቀርበውም። እንዲህ ያለው ሥርዓት ሁሉን ከማዕከል ስለሚጠብቅ፣ ያየውን ጉድለት በራሱ ውሳኔ ለማቃናት የኢንስፔክተሩ እጅ አጭር ነው። የእኛ የወረዳ ኀላፊ ደግሞ እጁ ረጅም ነው፤ ከክፍል ኋላ መቀመጥን አልለመደም።

ለኀላፊዎቹም ቢሆን አንድ ነገር እንሟገትላቸው። ርክክብ ሲደረግ የሚቆጠረው ወንበርና ጠረጴዛ፣ ሞተር ብስክሌትና የማተሚያ ማሽን ነው። የትኛው ትምህርት ቤት ውሃ እንደሌለው፣ የትኛው መንደር በአዝመራ ወቅት ልጆቹን ከትምህርት እንደሚያስቀር፣ የትኛው መምህር በሕመም ቤተ መጻሕፍት እንደ ገባ በርክክቡ ሰነድ ላይ አይጻፍም። ሰውየው ጨለማ ውስጥ ይገባል፤ እኛም መብራት አንይዝለትም። ይባስ ብለን ሊጎበኝ ሲመጣ ግቢውን አስጠርገን፣ ጎበዝ ጎበዙን ልጅ ፊት አስቀምጠን፣ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል መዝሙር አሰምተን እንሸኘዋለን። የመዝገብ ቤቷን እትዬ ዝምታ ስንተች የራሳችንን መርሳት አይገባንም። እሳቸው የሚፈሩት እንጀራቸውን ነበር፤ እኛ ግን ብዙዎች ነበርን።

ለባልደረባችን የላክነው መልስ አጭር ነበር። የዓመቱን ስታቲስቲክስ ለጊዜው ተዉት፤ ከሰባት ትምህርት ቤቶች አንዳንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ለምናችሁ አምጡ፤ ሳይመረጥ፣ ሳይታረም። መዝገብ ቤት የኖረ ወይም ብዙ ዓመት ሱፐርቫይዘር የነበረ አንድ ሰው ይዛችሁ ግቡና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡለት፤ ከዚያ እሱ እስኪጠይቅ ጠብቁ አልነው። ትናንት መልስ መጣ። «እስካሁን አምስት ሰብስበናል፤ ስድስተኛው ትምህርት ቤት ከወንዝ ማዶ ነው፤ ውሃው እስኪጎድል እየጠበቅን ነው» ይላል።