ለአገጭ ፀጉር ስድስት ወር

በፊቷ ፀጉር የተቸገረች ሴት ካርድ ስታወጣ ብዙ ጊዜ የምትናገረው ሌላ ነገር ነው፤ ማድያት ወይም ብጉር ትላለች። ነጠላዋን ዝቅ ስታደርግ በወረንጦ ብዛት የጠቆረ አገጭ፣ ወደ ውስጥ የበቀለ ፀጉርና መግል የቋጠረ ጉብታ አያለሁ። ለዓመታት ብቻዋን ስትታገለው ኖራለች።

እ.ኤ.አ. በ1961 ፌሪማንና ጋልዌይ ባወጡት የፀጉር ብዛት መለኪያ ዛሬ ዘጠኝ የሰውነት ክፍሎች እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ ድምሩ 8 ከደረሰ በዛ ይባላል። ጠዋት የተነቀለ ፀጉር ግን ነጥብ የለውም። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ በስንት ቀን እንደምትነቅል እጠይቃለሁ።

የወር አበባዋ ከተዛባ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የተባለውን የሆርሞን መዛባት እጠረጥራለሁ፤ ዋናው መንስኤ እሱ ነው። ፀጉሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ከመጣና ድምጿ ከጎረነነ ግን የኦቫሪ ወይም የአድሬናል ዕጢ ዕብጠት ሊሆን ስለሚችል ምርመራው ለነገ አይባልም። “ፊትሽን ምን ትቀቢያለሽ?” ሳልል አላልፍም። ለማቅላት የሚሸጠው ቅባት ብዙ ጊዜ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የተባለ ስቴሮይድ አለበት፤ ፀጉር የሚያበቅለው ራሱ ቅባቱ ሊሆን ይችላል። ሲቆም ፊቷ ለጊዜው ሊቀላና ሊያቃጥላት እንደሚችል አስቀድሜ ካልነገርኳት ተመልሳ ትቀባዋለች።

ሌዘር ለምትፈልግ፣ ለእኛ ዓይነት ጥቁር ቆዳ የምመርጠው 1064 ናኖ ሜትሩን ኤንዲ ያግ ነው። ቀላ ላለ ቆዳ የተሠራው ጨረር የቆዳውን ቀለም ከፀጉሩ ቀለም አይለይም፤ ያቃጥላል። ገንዘቧን ሳትከፍል የመሣሪያውን ስም እንድትጠይቅ አጥብቄ እመክራለሁ።

ከሁሉ የሚከብደው ትዕግሥት ማስያዝ ነው። የእርግዝና መከላከያ ክኒን ፀጉሩን የሚያወፍረውን የወንዴ ሆርሞን ይቀንሳል። እሱ ብቻውን ካልበቃ የምጨምረው ስፓይሮኖላክቶን ሆርሞኑ ፀጉሩ ሥር እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ወንድ ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል ያለ እርግዝና መከላከያ አልሰጠውም። ሁለቱም የወፈረውን ፀጉር አያረግፉም፤ የሚያቀጥኑት ቀጥሎ የሚበቅለውን ነው። ስድስት ወር የሚጠበቀው ለዚህ ነው፤ ይህንን በመጀመሪያው ቀን ያልሰማች ሴት በሁለተኛው ወር ክኒኑን ትጥለዋለች።

በክትትል ስትመጣ “ምንም ለውጥ የለም” ብትለኝም ወደ ወረንጦው እመለሳለሁ። በየቀኑ ትነቅል የነበረችው አሁን በየሦስት ቀኑ ከሆነ መድኃኒቱን አልቀይርም።