ስም የሌለው ባለጠጋ

ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ ባሏን ካስገደለ በኋላ፣ ልጁ እስኪወለድ ድረስ ዝም ብሎ ኖረ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 12 ነቢዩ ናታን መጣና ታሪክ ነገረው፦ ብዙ መንጋ ያለው ባለጠጋ የድኻውን አንዲት በግ ወስዶ ለእንግዳው አረደ። ንጉሡ ተቆጥቶ ሞት ፈረደ።

በኔ ንባብ የታሪኩ ጉልበት ያለው ባለጠጋው ስም ስለሌለው ነው። ስም ቢኖረው ዳዊት ይጠነቀቅ ነበር። ኅሊናው አልሞተም፤ የሚነቃው ግን በሰው ጥፋት ብቻ ነው።

ይሄን ከራሴ አውቀዋለሁ። አንድ ማታ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እያነበብኩ በፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ስናደድ፣ የቤት ሠራተኛችን ሻይ ይዛ ገባች። ቀና ብዬ ሳላያት «ቀዝቅዟል፣ መልሺው» አልኳት። የደነገጥኩት ገጹን ከገለጥኩ በኋላ ነው።

በመንፈስ መትጋት ለኔ ይሄ ነው፤ ፍርድ አፌ ላይ ሲደርስ «ሰውየው ማነው?» ብሎ መጠየቅ። ዳዊት ግን ይበልጠኛል። ናታን ሰውየው ራሱ መሆኑን ሲነግረው አልተከራከረም፤ መበደሉን አመነ። እኔ እስካሁን ልጅቷን ይቅርታ አልጠየቅኳትም።