ዋርካው ስንት ጊዜ ይውደቅ?

ለዚህ እትም፣ «በሞት ስለተለየንና ሞቱ ልባችሁን ስለነካው አንድ ታዋቂ ሰው ግጥም ጻፉ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፈን ነበር። አሥራ ዘጠኝ ግጥሞች ደረሱን። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበን፣ ተራ በተራ ጮክ እያልን አነበብናቸው። ወደ ማብቂያው ላይ ከመካከላችን አንዱ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገና፣ «ኧረ ለመሆኑ ይኼ ዋርካ ስንት ጊዜ ነው የሚወድቀው?» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ሳቃችን ግን ብዙም አልቆየ፤ ዋርካውን ከጣሉት መካከል ሁለቱ የዝግጅት ክፍላችን አባላት ነበሩና። እንግዲህ ይህ ሂስ ከግለ ሂስ ይጀምራል ማለት ነው።

በመጀመሪያ አንድ ክርክር እናንሣ። ማስታወቂያውን ያዩ አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ «በአካል ለማታውቁት ሰው ምን አስለቀሳችሁ? ጎረቤቱ ሲሞት ድንኳን ብቅ ያላለ ሁሉ ለዘፋኝ ደረቱን ሲመታ አያሳፍርም?» ብለውን ነበር። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ከሰው ላለመለየት ሲል ብቻ የሚያለቅስ መኖሩ እርግጥ ነው። ሐዘኑ ሁሉ የታይታ ነው ማለት ግን አይቻልም። ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ፣ እኛ የአምስት የስድስት ዓመት ልጆች ነበርን። ዘፈኖቹን በቅጡ አናውቅም። የምናስታውሰው፣ ዶሮው ቀርቦ ሳለ ትልልቆቹ ሰዎች በድንገት ጸጥ ማለታቸውን ነው። ማንም በማያየው ጓዳ ውስጥ ያለቀሰ ሰው ለታይታ አለቀሰ አይባልም። ስለዚህ ሐዘኑ እውነት ነው። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይህ እውነተኛ ሐዘን ወረቀት ላይ ሲወርድ ለምን ሐሰት ይመስላል?

ማስረጃ እንጥቀስ። ስለ አበበ ቢቂላ ሦስት ግጥሞች ደርሰውናል። በሦስቱም አበበ አንበሳ ነው፤ በሦስቱም ሮም አለች፤ በሦስቱም ባዶ እግር አለ። መልካም። በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን ማሸነፉን፣ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ መድገሙን የማያውቅ የለም። ግን እኮ የተጠየቀው ስለ ሞቱ ነው! አበበ በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ አልታዘዝ አሉት፤ እነዚያው ሁለት ኦሎምፒክ ያሸነፉት እግሮች ማለታችን ነው። እሱ ግን በ1962 ዓ.ም. በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ፣ ቀስት ይዞ፣ እንግሊዝ አገር በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ተሰለፈ። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. ሲያርፍ ገና የ41 ዓመት ሰው ነበር። ከአደጋው እስከ ሞቱ ያሉት ዓመታት በሦስቱ ግጥሞች ውስጥ አንድ ስንኝ እንኳ አላገኙም። አንበሳ ወንበር ላይ አይቀመጥማ! ዘይቤው ሰውየውን አላስገባም አለ።

ስለ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተጻፉትም ከዚህ አይሻሉም። ባሕር ነው፣ ተራራ ነው፣ የብዕር አባት ነው። ጸጋዬ የካቲት 1998 ዓ.ም. ያረፈው ኒው ዮርክ ነው፤ ለኩላሊቱ ሕክምና ሲል ለዓመታት ከአገሩ ርቆ ኖሮ። ሐምሌትንና ኦቴሎን አማርኛ ያናገረ ሰው፣ መንገዱ ሁሉ በሌላ ቋንቋ በሚያወራበት ከተማ ውስጥ ከሕክምና ወደ ቤት ሲመላለስ ይታያችሁ። ይህን በማሰብ የሚመጣው ሐዘን ከተራራውም ከባሕሩም ይከብዳል። አስከሬኑ ተመልሶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብሯል። ገጣሚዎቻችን ቀብሩን ጻፉ፤ መንገዱን ተዉት።

የዚህ ልማድ ምንጩ ከወዴት ነው? በቀብር ላይ ከሚነበበው የሕይወት ታሪክ ይመስለናል። «ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት ተወለዱ» ብሎ ይጀምርና፣ ሹመትና ሽልማት ቆጥሮ፣ ለቤተሰቡ መጽናናትን ተመኝቶ ያበቃል። ሥራው ነውና አንነቅፈውም። ግጥም ግን የሕይወት ታሪክን ቤት እያስመታ ሊደግም አልተፈጠረም። እስቲ አልቃሿን እናስታውስ። ደህና አልቃሽ ሙሾ ከማውረዷ በፊት ስለ ሟቹ ትጠይቃለች፤ ማን ወለደው? ማንን ወለደ? ምን ጀምሮ ሳይጨርስ ቀረ? ከዚያ በኋላ ለቀስተኛው መካከል ገብታ የእያንዳንዱን ቁስል ትነካለች። ወንድምየው የሚንሰቀሰቀው «ትልቅ ሰው ሞተ» ስለተባለ ሳይሆን፣ አብረው ያረሱት ማሳ ስለተነሣ ነው። ከጎኑ የቆመውም የራሱን ሟች ያስታውስና ይቀጥላል። በሰው ለቅሶ የራስን ማልቀስ የሚባለው ይኼ ነው። እኛ አባባሉን ለነቀፋ እንጠቀምበታለን፤ ነገር ግን የታዋቂ ሰው ሞት ወደየቤታችን የሚገባው በዚሁ በር ነው።

ከአሥራ ዘጠኙ አንዱ ግጥም በዚህ በር ሊገባ ሞክሯል። ስለ ኢዮብ መኮንን የተጻፈው ነው። ኢዮብ ነሐሴ 2005 ዓ.ም. ለሕክምና በተወሰደበት ናይሮቢ፣ አርባ ዓመት ሳይሞላው አረፈ። ግጥሙ ታክሲ ውስጥ ይጀምራል። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል፤ ረዳቱ ሂሳብ መቀበሉን ይረሳል፤ አንዲት ተማሪ የምትወርድበትን አልፋ ትሄዳለች። እስከ አሥራ ሁለተኛው መስመር ድረስ ትንፋሻችንን ዋጥ አድርገን አዳመጥን። በአሥራ ሦስተኛው ላይ ምን መጣ? ኮከብ! ተወርዋሪ ኮከብ ታክሲው ላይ ወደቀና ሁሉንም አበላሸው። ገጣሚው ረዳቱን አላመነውም። ያልተሰበሰበው ሂሳብ ብቻውን እንደሚበቃ አልታየውም።

አሁን ወደ ዋርካው እንመለስ። ዋርካ በራሱ ጥፋት የለበትም። ከሥሩ ሽማግሌ ሲቀመጥ ያየ፣ በጥላው ያረፈ ሰው «ዋርካው ወደቀ» ሲል በዓይኑ የሚታየው ባዶ ቦታ አለ። አብዛኛዎቻችን ግን ዋርካን የምናውቀው ከግጥም ነው።

የጥላሁንን ዋርካ የጣለችው ከመካከላችን አንዷ ናት፤ ይህን የምንጽፈው ራሷ ፈቅዳልን ነው። «ለመሆኑ ለምን ጥላሁንን መረጥሽ?» አልናት። ጥቂት ዝም ብላ አጫወተችን። በዚያ ፋሲካ አባቷ ዜናውን ሲሰሙ ከማዕዱ ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። ተከትላ ብትሄድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆመዋል። ጥላሁንን በመድረክ እንኳ አይተውት አያውቁም። ኋላ እናቷ እንደነገረቻት፣ አባቷ አንድ ታላቅ ወንድም ነበራቸው። ቅዳሜ ማታ ሸሚዙን እየተኮሰ የጥላሁንን ዘፈን ያንጎራጉር ነበር። በደርግ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደና አልተመለሰም። መርዶ አልመጣም፤ ድንኳን አልተተከለለትም። አባቷ ከሃያ ዓመት በላይ ያላለቀሱለትን ወንድማቸውን ያለቀሱለት ጥላሁን የሞተ ዕለት ነው።

«ታዲያ ይኼ በግጥሙ ውስጥ የታለ?» አልናት።

«ይኼማ የቤታችን ነገር ነው፤ ግጥም ይሆናል እንዴ?» አለችን።

ሂሳችን በሙሉ በዚህች መልስ ላይ ነው። ጥላሁን በመንግሥት ደረጃ በተዘጋጀ ሥነ ሥርዓት ተሸኝቷል፤ መስቀል አደባባይ በሕዝብ ተጥለቅልቋል፤ አስቀድሞም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። ይህ ሁሉ በየጋዜጣው ተጽፏል፤ የእኛን ግጥም አይጠብቅም። ግድግዳው አጠገብ የቆሙትን አባት ግን ማንም አልጻፋቸውም። የሸሚዙንም ነገር ማንም አልጻፈውም። «ሕዝብ አለቀሰ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ከሕዝቡ አንዱ ለምን እንዳለቀሰ መጻፍ ግን ያማል። ዋርካው የጠቀመን ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ከኋላው ተደበቅንበት።

«እንዲህ ከሆነማ ግጥሙ ሁሉ የቤት ውስጥ ወሬ አይሆንም ወይ?» የሚል ይኖራል። ሊሆንም ይችላል። ሸሚዝ ስለተጠቀሰ ብቻ ግጥም አይሆንም፤ ምጣኔው፣ ቃሉ፣ አሰካኩ ሥራ ይፈልጋል። ብቻ ሥራው ከሸሚዙ ይጀምር።

ጓደኛችን ግጥሟን መልሳ ወስዳለች። አባቷ ያንብቡት አያንብቡት ገና አልወሰነችም። ለሚቀጥለው እትም ግማሽ ገጽ ትተንላታል። ሌላው ዋርካ ጣይ ባልደረባችንም ረቂቁን ቀዶታል። ለቀራችሁትም ገጹ ክፍት ነው። ከመጻፋችሁ በፊት ግን እንደ አልቃሿ ጠይቁ፤ ያን ቀን በእናንተ ቤት ማን ነበር ወደ ጓሮ የወጣው?