ለከርሞ

የእኔ እኩዮች ትምህርት ቤት የገባነው በጆሯችን ነው። ቀኝ እጃችንን በአናታችን አሻግረን የግራ ጆሯችንን ከነካን ተመዘገብን፤ ካልደረስን «ለከርሞ» ተብለን ተመለስን። ያኔ የልደት ወረቀት የማን ነበር? በመላ አገሪቱ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ዛሬ እንጅባራ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ሳስተምር ያ ፈተና ቀርቷል። በነሐሴ ዝናብ ጃንጥላ ይዘው የሚመጡ እናቶች ግን ጥያቄውን በሌላ መልክ ያመጡታል፤ «ዕድሜው አልሞላም፤ ግን ፈጣን ነው፤ ፊደል ጨርሷል።»

ልጁም ከሀ እስከ ፐ እንደ ውኃ ያወርደዋል። እኔ ገበታው ላይ «ነ»ን ብቻዋን ጠቁሜ «ይህችስ?» እላለሁ። ብዙዎቹ ከሀ ተነሥተው በዜማ እየቆጠሩ ይደርሱባታል። ጆሯቸው ጥሩ ነው፤ ንባቡ ገና ነው። ወዲያው የሚለያትም ይገጥመኛል። ያኔም አልቸኩልም።

ኮቱን ይቆልፋል? ሽንቱ ሲመጣ ይናገራል? የምሳ ዕቃውን ይከፍታል? በቆርኪ ጨዋታ ተራ ይጠብቃል? እናቱ ስትሄድ ማልቀሱ ምንም አይደል፤ የማየው እንባው ምን ያህል ቆይቶ እንደሚደርቅ ነው። ዝም ያለኝንም ደካማ አልለውም። ቤቱ የሚወራው አዊኛ ከሆነ በአዊኛ እጠይቀዋለሁ፤ ስንቱ አፉ ተፈቷል!

አንድ ጊዜ ግን ተሳስቻለሁ። ሦስት ዓመት ተኩል ያልሞላትን ልጅ «እንዲህ ያለችማ ቤት አትቀመጥም» ብዬ አስገባኋት። ነርሰሪም ኤልኬጂም ፊደል አላስቸገራትም። ዩኬጂ ላይ ጓደኞቿ ገመድ ሲዘሉ እሷ ገመድ ያዥ ሆነች፤ እጇም መስመር ሳትጨርስ ይዝላል። እንድትደግም መከርኩ። ለእኔ ማረፊያ ነበር፤ ሰፈሩ «ወደቀች» አለ። ቃሉን እሷው ራሷ ስትለው ሰማሁ።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናትን ከ4 እስከ 6፣ አንደኛ ክፍልን በ7 ዓመት አስቀምጦ ነበር፤ በ2015 የጸደቀው ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል። ወላጅ ዕድሜውን እንደ አጥር ያየዋል፤ መዝለል ያምረዋል። የተዘለለችው ዓመት ግን ከልጁ ጋር እስከ 12ኛ ክፍል ትሄዳለች።

ሁሉንም አልመልስም። ቤት ውስጥ አያት፣ ተረት፣ ጭቃና እኩያ ካለው ይቆይ። በተዘጋ ቤት ከቴሌቪዥን ጋር የሚውለውን ግን እቀበለዋለሁ፤ ለጨዋታ እንጂ ለደብተር አይደለም። ነርሰሪን ሁለት ዓመት እንደሚቀመጥ ከወላጁ ጋር የምስማማውም በምዝገባው ዕለት ነው። አስቀድሞ የታወቀን ነገር ማንም «ወደቀ» አይለውም።

ባለፈው ነሐሴ አንድ አባት አጥብቀው ተከራከሩኝ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ናቸው፤ በጥር 23 በዓል ይጋልባሉ። «ውርንጭላዎ ፈጣን ሲሆን ከእኩዮቹ ቀድመው ይጭኑታል?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ለፈጣኑማ ነው የምሳሳው» ብለው ልጃቸውን ጫንቃቸው ላይ አወጡት።

እኔም የከርሞውን መዝገብ ገልጬ ስሙን በእርሳስ ጻፍኩ።